የሲስተር ደቂቃ አምስት ሰዓቶች

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሠራችበት ሆስፒታል ከጥበቃው እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ ሁሉም የሚጠራት «ሲስተር ደቂቃ» እያለ ነበር። ቅጽል ስሙ የወጣላት ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ነው። ሌሎቹ አዋላጆች በማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ ላይ የልጁን መወለጃ ሰዓት ሲሞሉ «ሰባት ሰዓት አካባቢ»፣ «ወደ ዘጠኝ ተኩል ገደማ» ብለው ያልፋሉ። እሷ ግን ልጁ ገና ብቅ ሲል፣ እትብቱ ሳይቆረጥ፣ እናትየዋ «ሴት ነው ወንድ?» ብላ ሳትጠይቅ፣ ዐይኗን ወደ ሰዓቷ ወርወር አድርጋ «ደቂቃ! አንድ ሰው ደቂቃውን ይጻፍልኝ!» ብላ ትጮኻለች።

«ልጁ በሰላም ይምጣ እንጂ የምን ደቂቃ ነው?» ይሏት ነበር።

«ሰው በገደማ አይወለድም» ትላለች።

ጡረታ ከወጣች በኋላ የምትኖረው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ድሮ የስፌት ክር ይቀመጥባት የነበረች ጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥን አለች። በውስጧ እስካለፈው ዓመት ድረስ አምስት ሰዓቶች በነጭ ፋሻ ላይ ተጋድመው ነበር። ሰብሳቢ የሚያስብላት ውድ ዕቃ ግን አንድም የለም። አንድ ቀን ሊጠይቃት የመጣ የወንድሟ ልጅ ሣጥኗን ከፍቶ ቢያይ «አክስቴ፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው የአንድ ደህና ሰዓት ዋጋ አያወጡም እኮ» አላት። «ለዚህ ነው ሌባ የማልፈራው» ብላ ሣጥኗን ቀስ አድርጋ ከእጁ ወሰደችበት።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርሷን በልታ ስትጨርስ መነጽሯን ታደርግና የሚሞሉትን አንድ በአንድ ትሞላቸዋለች። የመጀመሪያው የአባቷ ነው።

አባቷ የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሥራው የፈረቃ መለወጫውን ሳይረን ማስጮህ ነው። በዚያ ሰፈር ሰው የሚነሣው፣ ምሳ የሚበላው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚጠብቀው በእሱ ሳይረን ነበርና፣ ትንሽ ልጅ ሳለች ፀሐይንም የሚያወጣት አባቷ ይመስላት ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት የነርስ ትምህርት ቤት የገባች ዕለት፣ ሰፊውን የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ በእሷ ቀጭን ክንድ ላይ ለካው። እንደ አምባር ዞረ። ምስማር በእሳት አግሎ በቆዳ ማሰሪያው ላይ ሦስት ቀዳዳ ጨመረበትና እንደገና አሰረላት።

«ሰው ሲዘገይ ራሱን ነው የሚጎዳው» አላት። «ሰዓት ሲዘገይ ግን ሰፈር ሙሉ ሰው ይጎዳል። ጠብቂው።»

አባባ ያለ ሰዓት ሳይረኑን እንዴት እንደሚያስጮኸው ለመጠየቅ እንኳ አላሰበችም። ልጅነት ነው። ከዓመታት በኋላ እናቷ ነች የነገረቻት፦ ሌላ ሰዓት እስኪያገኝ ድረስ ዓመት ሙሉ፣ በእያንዳንዱ ፈረቃ አርባ ሁለት ደረጃ ወጥቶ የቢሮውን የግድግዳ ሰዓት እያየ፣ ደረጃውን በሩጫ ወርዶ ነበር የሚያስጮኸው። «አባትሽን ያን ዓመት ቀጥኖ ሳየው ታመመ ብዬ ልቤ ሊወጣ ነበር» አለች እናቷ፤ «ለካ ደረጃው ነው የሚያከሳው።»

እንዲህ ያለ ሰዓት አስራ ማዋለጃ ክፍል የገባች ዕለት የነርሶቹ አለቃ፣ ማትሮኗ፣ ከበር ላይ ያዘቻት። «እጅሽ ላይ ያለውን አውልቂ። እዚህ ክፍል ክንድ ባዶውን ነው የሚገባው።» ማትሮኗ እንኳን ጀማሪ ነርስ ሐኪም የሚፈራት፣ ከንፈሯ የማይፈታ ሴት ነበረች። አወለቀችው። ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ ግን አንድ ልጅ በተወለደ ቁጥር በእርጥብ እጇ ኪሷን መዳበስ ሆነ ሥራዋ። ማትሮኗ ሦስት ወር ዝም ብላ አየቻት። አንድ ቀን ከደረቷ ላይ ቁልቁል የተንጠለጠለችውን፣ በመርፌ ቁልፍ የምትሰካውን የነርስ ሰዓት ፈታችና በልጅቷ ደረት ላይ ሰካችላት።

«ሲስተር፣ እርስዎስ?»

«እኔማ ቢሮ ግቢ ተብያለሁ። ከእንግዲህ የማዋልደው ወረቀት ነው።»

ማትሮኗ ስትቀልድ የሰማቻት ያን ቀን ብቻ ነው። በዚያች የደረት ሰዓት የተመዘገቡ ልጆች ስንት እንደሆኑ ቆጥራ አታውቅም። ሁለቱን ግን አትረሳም። ሃያ አምስት ዓመት የሞላቸው ሁለት ጎረምሶች፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው፣ እየተከራከሩ ማዋለጃ ክፍል ደጃፍ መጡ። ታላቅ ማን እንደሆነ መዝገብ ታይቶ ይፈረድልን ነው ነገሩ። መዝገቡ ወጣ። በመካከላቸው ያለው አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። ታናሽ ሆኖ የተገኘው ራሱን ያዘ፤ «ለአሥራ አንድ ደቂቃ ብሎ ነው ሃያ አምስት ዓመት ውኃ ያስቀዳኝ?» አለ። ታላቅየው ደረቱን ነፍቶ መዝገቡን ሊስም ምንም አልቀረውም።

ይህችው የደረት ሰዓት ናት ባል ያገኘችላት ብትባል ግን ሐሰት አይደለም።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ምጧ የጠና ሴት ላይ ጎንበስ ባለችበት የሰዓቷ መርፌ ቁልፍ ተከፈተና ሰዓቷ ውኃ የሞላበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጧ ብላ ገባች። ስታወጣት ቆማለች። በሩን በክርኗ ገፍታ ወደ ኮሪደሩ ብቅ አለችና «ሰዓት ያለው ሰው!» ብላ ጮኸች። አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሰዎች መካከል አንድ ረጅም፣ ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ ሰው ብድግ አለ። የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነው፤ ውስጥ የምታምጠው እህቱ ናት። ሰዓቱን ፈትቶ ሰጣት። በፋሻ ጠቅልላ ግድግዳው ላይ ባለ ምስማር ሰቀለችው። እህትየዋ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሰውየው በደስታ ብዛት ሰዓቱን ረስቶ ሄደ።

በማግሥቱ ሊወስድ መጣ። ስለ እህቱ ጠየቀ፤ እህቱ ግን ጠዋት ቤቷ ገብታለች፣ እሱ ራሱ ነው የወሰዳት። ስለ አየሩ አወራ። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሄደ፤ ሰዓቱን አሁንም ረሳው። በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ረሳው። በሳምንቱ መጣ፤ ረሳው። ማትሮኗ ከቢሮዋ መስኮት ሆና ስታይ ከርማ አስጠራቻት።

«ስሚ ልጄ» አለቻት፤ «ያ ሰው የሚፈልገው ሰዓቱን ሳይሆን ባለ ሰዓቷን ነው። ወይ ስጪውና ይሂድ፣ ወይ ያዢው።»

ያዘችው። ለጋብቻ ፊርማ በተቀጠሩበት ቀን አርባ ሦስት ደቂቃ ዘገየ። እሷ ምስክሮቿን አሰልፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ደቂቃውን እየቆጠረች ስትጠብቅ ላቡን እየጠረገ ደረሰና «ምን ላድርግ፣ ሰዓቴ እኮ አንቺ ጋ ነው» አላት። በዚህች ሰበብ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረባት። እራት ከቀዘቀዘ በኋላ ሲመጣ ያው ነች። የዘመድ ለቅሶ ሰው ከተበተነ በኋላ ሲደርስም ያው ነች። ሌላ ሰዓት ልግዛልህ ብትለው «አንድ ሰው ስንት ሰዓት ያስፈልገዋል?» ይላል። በንዴት ልትፈነዳ ስትል ያስቃታል፤ ስቃ ሳትጨርስ ነገሩ ይረሳል።

እንደገና ሰዓት ያሰረው ሲታመም ነው። ልቡ ደክሞ ከማተሚያ ቤቱ ወጣ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሚውጠው መድኃኒት ነበረው፤ በዚያ ሰዓት እሷ ሥራ ላይ ናት። የመጣላቸው ዘግይቶ ነውና ብቸኛ ልጃቸው ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። የራሱን ጥቁር የፕላስቲክ ሰዓት ከእጁ ፈታ፣ ደወሉን አራት ሰዓት ላይ ሞላና በአባቱ ክንድ ላይ አሰረለት። «አባዬ፣ ቲት ቲት ሲልህ ትውጣለህ። አልሰማሁም የለም፤ ቤት ሙሉ ነው የሚጮኸው።» አባትየው እጁን አገላብጦ አየና «እናትሽን ሸሽቼ በልጄ ተያዝኩ» ብሎ ሳቀ። ልጁን ሲያቆላምጠው እንደ ሴት ነበር የሚጠራው።

ሁለት ዓመት ቲት ቲት እያለ አኖረው። ከዚያ ወዲያ ግን መድኃኒቱም ደወሉም አልበቃም።

ከቀብሩ በኋላ የፕላስቲኳ ሰዓት የመጻሕፍት መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ትጮኻለች። ማጥፊያዋ ቁልፍ ድሮ ወልቃ ጠፍታለች፤ ቢሆንም ልጁ በመርፌ ሊያጠፋት ይችል ነበር። አላጠፋትም፤ እሷም አጥፋት አላለችም። የዕረፍት ቀኗ ከሆነ፣ ሥራ ይዛ እንኳ ብትሆን፣ ደወሉ ሲጮኽ ቀና ትላለች፤ ሲያቆም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይህ ለአንድ ዓመት ከስምንት ወር ዘለቀ። አንድ እሑድ ጎመን ስትከትፍ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት ብታይ ስድስት ሰዓት ሆኗል። አራት ሰዓት አልፏል፤ የጮኸ ነገር የለም። ቢላዋውን አስቀመጠችና ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ወሰደቻት። ሰዓት ሠሪው በአንድ ሰው ወርድ ሱቅ ውስጥ፣ በዐይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ተክሎ የሚውል ዝምተኛ ሰው ነው። ባትሪ ለወጠላት። በሚቀጥለው ቀን አራት ሰዓት ላይ ግን ያው ዝምታ ነው። ተመልሳ ሄደች።

«ደወሏ አይሠራም» አለችው።

«ባትሪ ሲወጣ ሁሉንም ነገር ትረሳለች፣ ሲስተር። ያለፈውን አታውቅም። ለስንት ሰዓት ልሙላልዎ?»

ቦርሳዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዐይኑ አነሣና ጠበቃት። ሌላ ሰው ሰዓት ይዞ ቢገባ፣ «ትንሽ ይቆዩ» ብሎ መለሰው።

«ለአራት» አለች በመጨረሻ። «ለጠዋት አራት።»

አምስተኛው ሰዓት የእሷ አይደለም። ከማንም አልወረሰችውም፣ ማንም አልሰጣትም። ሰማያዊ ፊት ያላት፣ መስታወቷ ጥግ ላይ የተሰነጠቀ፣ ቀይ የቆዳ ማሰሪያ ያላት ትንሽ የሴት ሰዓት ናት።

ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ያኔ የራሷ ልጅ ገና አልነበራትም። አንድ ከሰዓት በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ብቻዋን በእግሯ ምጥ ይዟት መጣች። «ከማን ጋር ነሽ?» ስትባል «ከራሴ» አለች። ሰዓትሽን አውልቂ ሲሏት ፈጥና ፈታችና የሲስተርን የሽርጥ ኪስ ከፍታ ከተተችው። «እዚህ ይሁን» አለች። ልጇ ተወለደች፤ እናትየው ግን ደሟ አልቆም አለ። አምቡላንስ ተጠራ፤ ማዶ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል በጥድፊያ ተወሰደች። ሲስተር ደቂቃ ማታ ልብሷን ስትለውጥ ነው ሰዓቷን ኪሷ ውስጥ ያገኘቻት። እስክትደውል፣ እስክታስጠይቅ ሳምንት አለፈ። «ድነው ወጥተዋል፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው» ተባለች።

ባሏ «የሰው አደራ ነው፣ ይቀመጥ። ትመጣለች» አላት። አልመጣችም፤ ስትጠብቃት መዝገቡ ተዘግቶ መዝገብ ቤት ገባ፣ ከዚያ አድራሻ መገልበጥ ደግሞ ክልክል ነው። ሰዓት ሠሪው «ሳይሠራ የተቀመጠ ሰዓት ዘይቱ ይደርቃል» ስላላት ቅዳሜ ቅዳሜ ሞላቻት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ባሏን ቀብራ፣ ልጇን አሳድጋ ሌላ ከተማ ለሥራ ሸኝታ፣ ጡረታ ወጥታ፣ ያቺን የማታውቃት ልጅ ሰዓት እየሞላች ኖረች። ምነው ቢሏት «አደራ በላ ሆኜ አልሙት» ትላለች።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታሉ ወደ አዲስ ሕንፃ ሊዛወር ሲል የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ የድሮ የሥራ ባልደረባዋ፣ ደወለላት። «የድሮዎቹ መዝገቦች በካርቶን ሊታሸጉ ነው። የእጅ ጽሕፈትሽን ልትሰናበቺው ከፈለግሽ ነይ» አላት። ሄደች። አቧራው እያስነጠሳት ስታገላብጥ ዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ያችን ዕለት አገኘቻት። የልጅቷ ስም አለ፤ «ከጨርቃ ጨርቅ መጋዘኑ ጀርባ፣ ሁለተኛው ግቢ» የሚል አድራሻም አለ። ሲስተር ደቂቃ ቦርሳዋን ከፍታ እርሳስ ፈለገች። ኃላፊው ጀርባውን ሰጥቷት ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ደንብ ነው፣ መገልበጥ ክልክል ነው» አላት። «እኔ ግን ዛሬ ዐይኔን አሞኛል።»

በሳምንቱ ሰዓቷን በመሐረብ ቋጥራ ሄደች። መጋዘኑ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ከጀርባው ያለው ግቢ ግን አልተነካም። አንዲት አሮጊት ስሙን ሲሰሙ «ላውንደሪዋን ነው? ያው ጥጉ ላይ» ብለው አመለከቷት።

ላውንደሪ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። በላስቲክ የተሸፈኑ ልብሶች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። አርባ ስድስት ዓመት የሚሆናት፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ወጣቷ ልጇ ባንኮኒው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸውን ጨርቆች በመርፌ ቁልፍ ልብስ ላይ ትሰካለች።

«ልብስ ነው ያመጡት እማማ?» አለች ሴትየዋ ቀና ሳትል።

«አይ፣ ሰዓት ነው።»

«ሰዓት እንኳ አናጥብም።»

ወጣቷ ሳቀች። ሲስተር ደቂቃም ሳቀችና መሐረቡን ባንኮኒው ላይ ፈታችው። ሴትየዋ አየች። እጇ ባለበት ቀረ።

«እማ! ሸሚዙ!» ጮኸች ልጅቷ። ካውያውን ስታነሣ የሸሚዙ ጀርባ ላይ ቡናማ ምልክት ታትሟል።

«ይሄን... ከየት አገኙት?»

«አንቺ ነሽ ኪሴ ውስጥ የከተትሽው።»

ሴትየዋ ትኩር ብላ አየቻት። ፊቷን አይደለም መጀመሪያ የለየችው፣ ድምፅዋን ነው። «ደቂቃ እያሉ የሚጮኹት?» አለች። «እጄን ይዘው ነበር...» ከዚያ ሳቋ መጣ። ያዘችው፤ አልያዝ አላት። ባንኮኒውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው የተውኩት!»

«ምን?»

«ያ ሰውዬ ነው የሰጠኝ፣ የእሷ አባት። ‹ይሄን እያየሽ ጠብቂኝ› ብሎኝ ሄደ። ሰባት ወር እያየሁ ጠበቅኩት። የዚያን ቀን አውልቂ ሲሉኝ እጄ እንዴት እንደቀለለኝ! መጣያ ባገኝ እጥለው ነበር፤ ያገኘሁት የእርስዎን ኪስ ነው።»

ሲስተር ደቂቃ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ሃያ ሰባት ዓመት» አለች፣ «በየቅዳሜው ሞልቼዋለሁ እኮ!» ማንም ያልሰጣትን አደራ ተሸክማ ነው ለካ የኖረችው። ሞኝነቷ ትንሽ ቆጠቆጣት፤ ብታስበው ደግሞ ምን ከሰረች?

ወጣቷ ግን አልሳቀችም። የአባቷን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች፤ እናቷ የደበቀቻት ነገር የለም። መርፌ ቁልፎቹን ወዲያ ገፋች።

«እማማ፣ እኔን ያዋለዱኝ እርስዎ ነዎት ማለት ነው? ስንት ሰዓት ላይ ነበር? እማዬን ስጠይቃት ‹ፀሐይ ነበር› ነው የምትለኝ።»

«ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ። በቃሌ ይዤው ኖርኩ ብዬ አልዋሽሽም፤ ባለፈው ሳምንት ነው ከመዝገቡ ያነበብኩት። የጻፍኩት ግን እኔው ነኝ።»

እናትየዋ ሳቋ ጠፍቷል። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና ቀረብ አለች። «ሲስተር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቀውም። ልጅቷ ስታለቅስ ሰማሁ፤ ከዚያ ስነቃ ሌላ ሆስፒታል ነኝ። በመካከሉ ልጄ ማን ጋ እንደነበረች እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ብቻዋን የሆነ ቦታ ተኝታ እንደሆነ... አንዳንዴ ይመጣብኛል።»

«ብቻዋን? ምን ሲደረግ!» አለች ሲስተር ደቂቃ። «አምቡላንሱ ውስጥ ከአንቺ ጋር ነበርን። በሹራቤ ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ ይዣት ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ሾፌሩን ቀስ በል እያልኩ፣ አንቺን ደግሞ በስምሽ እየጠራሁ። ማዶ ስንደርስ ለነርሷ አልሰጥም ብዬ ተጣልቻለሁ። አልጋሽ አጠገብ ሳያስተኟት አልተመለስኩም።»

ሴትየዋ የሲስተር ደቂቃን እጅ በሁለት እጇ፣ ከካውያው በሞቀ መዳፏ ያዘችና ቆየች። ደንበኛ ገብቶ ቆመ፤ ወጣቷ «ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይመለሱ» ብላ ሸኘችው።

ሰዓቷ ባንኮኒው ላይ እየሠራች ናት። ወጣቷ አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገቻት።

«እማ፣ ልውሰደው?»

እናት ሰዓቷን አየቻት፣ ልጇን አየቻት። «ውሰጂው» አለች፤ «ሰዓቱ ምን አጠፋ?»

የቀዩ ማሰሪያ ዘለበት ከእርጅና ብዛት ገና ስትነካው ተሰበረ። ወጣቷ ከባንኮኒው ላይ አንድ መርፌ ቁልፍ አንሥታ በእሱ አያያዘችውና እጇን ዘርግታ አየችው።

ሲስተር ደቂቃ ልሂድ ብላ ስትነሣ ሴትየዋ በሩን ዘጋችባት። «በተጨማደደ ካፖርትማ ከዚህ ቤት አይወጡም፣ ስሜን ነው የሚያጠፉት!» ካፖርቷን ከላይዋ ገፍፋ ወስዳ አንገትጌዋን፣ እጅጌዋን፣ ኪሷን ሳትቀር ተኮሰችላት። እየተኮሰችም ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጇ ሥራ ፈላጊነት፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አወራች። ሐሙስ ደንበኛ ስለማይበዛ ሐሙስ እንድትመጣ አስማለቻት። ወጣቷ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘቻት፤ ቦርሳዋንም ያዘችላት።

ሲስተር ደቂቃ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ካፖርቷ ከጀርባዋ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። ከተማዋ በመስታወቱ በኩል ስታልፍ የአምቡላንሱ ሾፌር ትዝ አላት። ወፍራም ሰው ነበር፤ ያን ቀን ማዶ ደርሰው ሲቆሙ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ በሩን የከፈተላት እሱ ነው። ስሙን ልታስታውስ ብትሞክር አልመጣላትም። ስታስብ መውረጃዋን ሁለት ፌርማታ አለፈችው። ወረደችና ካፖርቷን ሳትቆልፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነም ሳታይ፣ ቀስ እያለች በእግሯ ወደ ቤቷ ተመለሰች።